ለገበያው አፈኛ፣ ለሚስቱ ዲዳ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሙላትን የማያውቅ ቢገኝ ወይ ዛሬ ጠዋት ከአውቶቡስ የወረደ ነው፣ ወይ ጆሮው አይሰማም። መልኩን የማያውቅ ድምፁን ያውቃል። ጣሪያዋ ላይ ሁለት ሞንታርቦ የጫነች ባጃጅ አለችው። በአንድ እጁ መሪውን፣ በአንድ እጁ ማይኩን ይዞ ከተማዋን ሲያደነቁር ይውላል። የልጆች ክትባት መጣ የሚለው እሱ ነው። ውኃ ይቋረጣል፣ ስብሰባ አለ፣ ቀይ ላም ጠፍታለች ያያችሁ አምጡ የሚለውም እሱ ነው። ስለ ማዳበሪያም፣ ስለ ወባም፣ ስለ ኳስ ዋንጫም እኩል ይጮኻል። ሰው ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያውቅ ይመስለዋል። ሙላት የሚያውቀው የሰጡትን መጮህ ነው። በቀቀንም ቢያሠለጥኗት ታደርገዋለች፤ እንዲያውም እሷ ባጃጅ አያስፈልጋትም።

ትውልዱ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። አባቱ ቄስ እንዲሆንላቸው ብለው ደብረ ወርቅ ቆሎ ተማሪ አድርገው ሰደዱት። ዜማው ገባው፤ ድምፅ አልነሳውማ! ቅኔ ቤት ሲደርስ ግን ማሰብ የሚባል ነገር መጣና ጥሎ ሸሸ። ኋላ ሲጠይቁት «ውሻ አሳደደኝ» ይላል። ያሳደደው ቅኔ ነው፤ ውሻውን በከንቱ ነው ያማው። ከዚያ መናኸሪያ ገብቶ የሚኒባስ ረዳት ሆነና «ማርቆስ፣ ማርቆስ፣ የሞላ!» እያለ ባዶ መኪና ሲያስሞላ ከረመ። ያልሞላን የሞላ ብሎ መጥራት እዚያ ነው የለመደው። አንድ ቀን ቀበሌው ለስብሰባ ሕዝብ የሚጠራለት ሰው ሲፈልግ አገኘውና እጁ ላይ ማይክ አስቀመጠለት። ከዚያ ወዲያ ማይኩን ከእጁ የነጠቀው የለም።

ስሙን የተከለው በኤች አይ ቪ ቅስቀሳ ነው። በየዓመቱ ኅዳር ላይ ቀዩን ጥብጣብ ደረቱ ላይ ይሰካና አደባባይ ይወጣል። «ራሱን ያወቀ ቤቱን ጠበቀ! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም! እናቶች ሆይ፣ ስለ ልጆቻችሁ ተመርመሩ! አባቶች ሆይ፣ ሚስቶቻችሁን ብቻቸውን አትስደዱ!» ሰፊው ሕዝብ ያጨበጭባል። ሰፊው ሕዝብ ለማጨብጨብ ሰንፎ አያውቅም።

ከዓመታት በፊት በአንዱ ኅዳር ሕዝቡ ድንኳኑ ደጅ ቆሞ ሲያመነታ፣ ሙላት እጅጌውን ሰበሰበና «እኔ ጣቴን ሰጥቼ አሳያችኋለሁ!» አለ። ሰጠ። እልል ተባለለት። ውጤቱን ከመጋረጃው ጀርባ፣ እንደ ደንቡ ለብቻው ነገሩት፤ ቫይረሱ በደሙ ውስጥ አለ። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። ማይኩን ግን አልረሳውም። «አያችሁ ወገኖቼ? ጉንዳን የቆነጠጠኝን ያህል እንኳ አላመመኝም!» አለ። አልዋሸም፤ የተናገረው ስለ መርፌዋ ነው። ሕዝቡ ተግተልትሎ ተሰለፈ። ያን ቀን በሙላት ምሳሌነት ተመርምራ፣ መድኃኒት ጀምራ፣ ጤነኛ ልጅ የታቀፈች እናት ስንት አለች! ምሳሌው ራሱ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ አጥልቆ በጓሮ በር ወደ ቤቱ ገባ።

መድኃኒቱን አልጀመረም ብዬ አልዋሽበትም፤ ጀምሯል። ግን የት? በገዛ ከተማው ቢሰለፍ የሚያውቀው ያየዋላ! ስለዚህ ሚኒባስ ተሳፍሮ ወደ ምዕራብ፣ አማኑኤል ከተማ ይሄዳል። ኮሮና ከሄደ ዘመን ሆነው፤ ሙላት ጭንብሉን አላወለቀም። በድምፁ እንዳይለዩት ደግሞ አማኑኤል ሲገባ እንደ ታማሚ ጫጩት ጭው ጭው ይላል። መድኃኒቱን የምትሰጠው ነርስ ሲስተር ቀድሪያ ትባላለች። የዚያው ከተማ ባለሱቅ ልጅ ናት፤ ምላሷ ሚዛን ላይ ያደገ ነው፤ ለማንም አያደላም።

«ድምፅህን ምን ነካው?» ትለዋለች።

«ብርድ ነው፣ ሲስተር።»

«በመጣህ ቁጥር ብርድ? ማርቆስ ስትጮህ ፀሐይ ነው፣ እኔ ጋ ስትመጣ ብርድ?»

ይህ ሁሉ ሆኖ ሙላት ሚስት አገባ። ትንቢት ትባላለች፤ የደብረ ወርቅ ልጅ ናት፣ አባቷ ሞተው እናቷ ያሳደጓት። ልጅቷ ቁጥብ ናት፤ የምታወራው ጥቂት፣ የምታየው ብዙ። እናትየው ወይዘሮ አሰገደች በቁርባን ይጋቡልኝ ብለው ነበር። ቤተ ክርስቲያን በቁርባን የሚጋቡትን የደም ምርመራ አምጡ እንደምትል ሙላት አሳምሮ ያውቃል፤ ራሱ ነው የለፈፈው። «ቁርባን ከባድ ነው፣ እኛ ገና ወጣቶች ነን፣ እንዳናፈርሰው» ብሎ ትሕትና ለበሰ። ሽማግሌዎቹ «እንዴት ያለ እግዚአብሔርን የሚፈራ ልጅ ነው!» አሉ። የፈራው ሌላ ነበር።

ማግባቱን የሰማች ዕለት ሲስተር ቀድሪያ ወንበር ሳበችለት።

«ስማኝ። መድኃኒቱን በሥርዓት ስለወሰድክ ቫይረሱ በመሣሪያ እንኳ አይታይም። እንዲህ እስከቆየህ ድረስ ወደ ሚስትህ አይተላለፍም። ካቋረጥክ ግን ይነሣል፤ ያኔ እሷም፣ የምትፀንሰው ልጅም አደጋ ላይ ናቸው። ንገራት። ካፈርክ ይዘሃት ና፣ እኔ አስረዳታለሁ።»

ሙላት ከዚህ ሁሉ የሰማው «አይተላለፍም» የምትለዋን ብቻ ነው። ሌላው በጭንብሉ ላይ ነጥሮ ተመለሰ።

ትንቢት ፀነሰች። ክትትል ስትጀምር ደሟን አዩላት፤ ነፃ ናት። «ባለቤትሽም ይምጣ» ሲሏት ሣቀች። «ባሌ እኮ ሙላት ነው! እሱ ሲመረመርማ አገር ቆሞ አይቶታል።» እውነቷን ነው፤ ሲመረመር አገር አይቶታል። ሲነገረው ያየ የለም። ባለሙያዎቹ «ቢሆንም ይምጣ» ብለው ደጋግመው ላኩበት። ሙላት ሥራ በዛበት፤ ያን ሰሞን «አባቶች ሆይ፣ ሚስቶቻችሁን ብቻቸውን አትስደዱ» የሚለውን እየለፈፈ ነበር።

ከዚያ ፍልሰታ መጣ። የሙላት የጽዋ ማኅበር ለሱባኤ መርጡለ ማርያም ሊወርድ ተስማማ። ሙላት ይቅርብኝ እንዳይል ምሕላ የሚያወጣላቸው እሱ ነው። እሄዳለሁ እንዳይል ማኅበርተኛው በሙሉ አንድ ጎጆ ውስጥ ጉልበት ለጉልበት ተነካክቶ ነው የሚያድረው። ኪኒን ሲውጥ ቢያዩትስ? «ምንድን ነው?» ቢሉትስ? ይህ አገር የሚፈራው ሞትን አይደለም፤ ጥያቄን ነው። ኪኒኑን ከባጃጁ መቀመጫ ሥር ወሽቆ ሄደ።

ሱባኤው አለቀ፣ ሙላት አልሞተም። ቆሎና ጠበል ተስማምቶት ፊቱ ጠራ። «ተፈውሻለሁ» አለ በልቡ። እመቤታችን ኪኒንህን ተው ስትለው የሰማ የለም። የገዳሙ አባቶች እንኳ «ጠበሉንም ጠጡ፣ መድኃኒታችሁንም ዋጡ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ነው» ብለው መክረዋል፤ በዚያ ምክር ላይ «አሜን» ብሎ ጎጆውን ያናወጠው ሙላት ነው። አሜን ማለትና መስማት አንድ የሚመስለው ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ደግሞ «ለምን አቋረጥክ?» የምትለው ቀድሪያ ትዝ ትለዋለች፤ ቁጣዋን ፈርቶ አማኑኤልን ረሳ። መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት ገባ። በቤቱ እርጉዝ ሚስቱ አጠገቡ ትተኛለች። ቫይረሱ እንደ ሙላት አይለፈልፍም፤ ሥራውን ዝም ብሎ ይሠራል።

በጥቅምት መጨረሻ ጎኑ ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጣበት። እንደ ፍም የሚያቃጥል፣ የጎድን አጥንት ተከትሎ የሚሄድ ውኃ የቋጠረ ሽፍታ ነው። ይህስ ዝም አያሰኝም፤ እያቃሰተ አማኑኤል ሄደ። ሲስተር ቀድሪያ ሸሚዙን ገልጣ አየችና መልሳ ለቀቀችው።

«መቼ ነው ያቋረጥከው?»

«ፍልሰታ… ትንሽ…»

«ትንሽ? ገበሬ ትንሽ አቋርጬ ነበር ቢልህ እርሻው ይበቅላል? ሚስትህስ?»

«ደኅና ናት። ወሯ ገብቷል።»

ቀድሪያ ብዕሯን አስቀመጠች። «ወሯ ገብቷል። ነፃ የተባለችው አንተ ሳታቋርጥ ነው። አሁን ይዟት ቢሆን ማንም አያውቅም፤ እሷም አታውቅም። አዲስ የያዛት እናት ደግሞ ቫይረሱ በደሟ ላይ በጣም ብዙ ነው፤ በምጥም፣ በጡትም ለልጁ ይተርፋል። ዛሬ ተመርምራ ዛሬ ብትጀምር፣ ልጁም እንደተወለደ የመከላከያውን ሽሮፕ ቢያገኝ መትረፉ አይቀርም። ዝም ካልክ ግን በገዛ እጅህ ነው የምትሰጠው። ገባህ?»

«ገባኝ።»

«አልገባህም። የት ናት?»

«ልትወልድ እናቷ ጋ ሄዳለች። ደብረ ወርቅ።»

«ልደውልላት።»

«ኧረ በአማኑኤል ይሁንብሽ! እኔው ራሴ እነግራታለሁ። ነገ እሄዳለሁ።»

«ሂድ። በሦስት ቀን ውስጥ ተመርምራለች ብለህ ካልደወልክ ግን እኔ ነኝ የማስጠራት።» መድኃኒቱን እንደገና አስጀመረችው። ሲወጣ በጀርባው «የምትላት አንዲት ቃል ናት፣ አንተ አፈኛ!» አለችው።

የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፤ የአገሩ ወግ ነው። ትንቢትም ወጓን ጠብቃ ከደብረ ወርቅ ከተማ ዳር እናቷ ቤት ተቀምጣለች። ሙላት በሚኒባስ ደረሰ። የእጅ ሞንታርቦውን በከረጢት ይዞታል፤ ያለሱ ከቤት ከወጣ ሱሪ የረሳ ይመስለዋል።

ወይዘሮ አሰገደች አማቻቸው ስለሆነ በወጉ «አንቱ» ነው የሚሉት። «ደኅና መጡ? ምነው እንዲህ ከሱ? ማርቆስ እህል ጠፋ እንዴ?»

«ሥራ በዝቶ ነው፣ እናቴ።»

ወይዘሮዋ ከጓዳ ቅል አውጥተው አሳዩት። ለጋ ቅቤ ነው። በእሳቸው ሠፈር ሕፃን ሲወለድ፣ ከጡት በፊት፣ ቅቤ ይውጣል፤ አንጀቱ ይለሰልሳል ይላሉ። «የልጅዎ ነው። ከላሟ ወተት ትናንት የተናጠ» አሉት በኩራት። ቫይረሱ ያለባት እናት ልጇን ስድስት ወር ጡት ብቻ እንድታጠባ፣ ቅቤም ውኃም የላም ወተትም እንዳታስቀምሰው፣ የሕፃኑ አንጀት ከተላጠ ለቫይረሱ በር እንደሚሆን፣ ይህን ሁሉ ሙላት በቃሉ ይወጣዋል። ስንት ጊዜ ጮኾታል! አሁን ግን «ጥሩ ቅቤ ነው» አለ።

ምሳ ሲበሉ ሞከረ። «መመሪያው… ነፍሰ ጡር ሴት በወሯ እንደገና መመርመር አለባት ይላል።»

«የምን ምርመራ?» አሉ ወይዘሮዋ።

«ያው… የደም።»

«ልጄን ነፃ ነሽ ብለው ሰደዋታል። ደም የምንጭ ውኃ ነው በየጊዜው የሚቀዳው?»

ትንቢት ደግሞ እየሣቀች «ሙሌ፣ እዚህም ቅስቀሳ ጀመርክ? እዚህ ማይክ የለም፣ ይልቅ ጉረስ» አለችው።

ሙላት አብሮ ሣቀ። ይህ ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሌላ ነገር አይጠይቅ፣ ይህችን ሣቅ ይያዝ።

ከምሳ በኋላ ትንቢት ጎመን ልትቀነጥስ ጓሮ ወጣች። ተከተላት። ሰው የለም፣ ነፋስ የለም፣ እንደዚህ ያለ ምቹ ጊዜ ለንጉሥም አይገጥም።

«ትንቢት…»

«ወይ?»

«ጎመኑ… አምሯል።»

ቀና ብላ አየችው። ማታ ሸሚዝ ሲቀይር ደግሞ ጎኑ ላይ ያለውን ቁስል አየች። «ምንድን ነው ይሄ?» ብትለው «የባጃጁ ሞተር አቃጠለኝ» አለ። ሞተሩ ከኋላ፣ ቁስሉ ጎኑ ላይ። ዝም አለች። ትንቢት ዝም ስትል የረሳች የሚመስለው ይሳሳታል።

በማግሥቱ ገበያ ነበር። ሙላት ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ መላ መጣለት። ምን ዓይነት መላ? የሙላት መላ! ለአንዲት ሴት መናገር ካቃተው ለአንድ ሺሕ ሴት መናገር አያቅተውም። ከአንድ ሺሑ አንዷ እሷ ትሆናለች። የእጅ ሞንታርቦውን ይዞ ገበያው መሐል ካለ ድንጋይ ላይ ወጣ።

«የደብረ ወርቅ እናቶች ሆይ! አንዴ ተመርምሬአለሁ ብላችሁ እንዳትተኙ! ከምርመራው በኋላ ቫይረሱ በባል በኩል ይገባል! ነፍሰ ጡሮች፣ ሳትወልዱ ዛሬውኑ እንደገና ተመርመሩ! ልጃችሁ በመድኃኒት ይተርፋል! ዛሬውኑ!»

ጮኸ ብቻ ልበል? እንደዚያ ቀን አሳምሮ ጮኾ አያውቅም፤ የገዛ ቤቱ ሲቃጠል የሚጮህ ሰው ነበራ! ቅቤ ሻጮቹ ቅላቸውን ለጎረቤት አደራ እየሰጡ ተነሡ። ሆዳቸውን የያዙ ሴቶች ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ጤና ጣቢያው ሽቅብ ተመሙ። አንዲቱ ባሏን በእጅጌው ጎትታ «ና! በባል በኩል ይገባል ሲል አልሰማህም?» ስትለው፣ ሌላው ባል ደግሞ «ይሄ ሰው ከሚስቴ ጋር ምን አጣልቶት ነው?» እያለ ያጉረመርማል። የገበያው ነፍሰ ጡር ሁሉ ተንቀሳቀሰ፤ አንዷ ብቻ ቆማለች። ትንቢት ናት፣ ከእናቷ ጋር ሽንኩርት ልትገዛ ወጥታ።

ወይዘሮ አሰገደች ለሻጯ «የኔ አማች ነው» ይላሉ። «ድምፁን ተመልከቺ! የኛ ልጅ እንኳ ተመርምራ ጨርሳለች፣ ይሄ ለሌላው ነው።»

ሞኝ ሙላት! ባለ ሞንታርቦ ባል ያላት ሴት ባሏ ለገበያ የጮኸውን ለእኔ ነው እንደማትል እንዴት አላወቀም? ባለጠበሉ ቤት ጠበል ማን ይጠጣል?

ግን ደግሞ ትንቢት አልሄደችም። ቆማ ታየዋለች። ያንኑ ነገር ሲደጋግም፣ በደገመ ቁጥር ዓይኑ እሷው ላይ ሲያርፍ አየች። አንድ ነገር ደግሞ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ሙላት ሳይልኩት ጮኾ አያውቅም። ሕዝቡን እየከፈለች ድንጋዩ ሥር ደረሰች።

«ማን ላከህ?»

«ጤና… ጤና ጣቢያው ነው።»

በአጠገቡ ነጭ ጋዋን የለበሰች ባለሙያ ሰልፉ ምን ጉድ እንደሆነ ልታይ ወርዳ ነበር። «እኛስ አልላክነውም» አለች እየሣቀች። «ግን እግዜር ይስጠው፣ ጥሩ አደረገ!»

ትንቢት ዓይኗን ከሙላት አላነሣችም። «ሳይልኩህ ለማን ነው የምትጮኸው?»

ሙላት ሞንታርቦውን በሁለት እጁ ጨበጠ።

«አጥፋውና ንገረኝ።»

አጠፋው። አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ የለም። ያ ከተማ የሚያናውጥ ጉሮሮ እንደ ተሰነጠቀ ዋሽንት አየር ብቻ አወጣ። ትንቢት ግን የምትሰማውን ሰማች።

«ጎንህ ላይ ያለው ከቫይረሱ ነው?»

ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከ… ከመጋባታችን በፊት።»

አልጮኸችም። «አንተ ሰው አይደለህም፤ ሞንታርቦ ነህ» አለችው። ዘንቢሏን ሽንኩርቱ ጋ ለቀሩት እናቷ ሰጥታ ከሴቶቹ ጋር ሽቅብ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። ሙላት ሊከተላት ሲል ዞራ በሌባ ጣቷ ብቻ «እዚያው!» አለችው። እዚያው ቀረ።

ውጤቱ በዚያው ሰዓት ደረሰ፤ ይዟታል። ባለሙያዋ ሁሉን አስረዳቻት። ትንቢት የመጀመሪያውን ኪኒን እዚያው ወንበር ላይ ዋጠችው። አላለቀሰችም፤ ውኃውን ጠጥታ ካርዷን ተቀበለች። ሙላት መድኃኒት የሚወስድበት ተጣርቶ ለሲስተር ቀድሪያም ከዚያው ተደወለላት።

ቤት ስትገባ ሙላት ደጁ ላይ፣ ወይዘሮ አሰገደች ምድጃው አጠገብ ነበሩ። ትንቢት ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ «እማ፣ ኤች አይ ቪ በደሜ ውስጥ አለ። ከባሌ ነው። ልጄን እንዳይዘው መድኃኒት ጀምሬአለሁ፤ ሲወለድም መድኃኒት ይወስዳል። ከጡቴ በቀር ምንም አታቅምሱት» አለች።

ይኸው ነው። ሙላት ሚኒባስ ተሳፍሮ፣ ጎመን አድንቆ፣ ገበያ ሰብስቦ ያልቻለው፣ እሷ ቆማ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰችው።

ወይዘሮዋ መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ዘነዘናውን አነሡ። ያ ሁሉ «አንቱ» ከዚያች ደቂቃ ወዲያ ጠፋ። «አንተ! አንተ የጅብ ጥጋብ! ልጄን ሰጥቼህ? በቅቤ ተቀብዬህ? ውጣ ከደጄ! እዚህ ገበያ የለም!» ዘነዘናው የበሩን መቃን መታ፤ ሙላት አጥሩን ዘሎ አመለጠ። ለመዝለልስ ደኅና ነው።

ጠቡ ግን በሙላት መሄድ አላበቃም። ወይዘሮ አሰገደች በማግሥቱ ቅላቸውን ይዘው መጡ። «መድኃኒቱስ ይሁን። ቅቤው ምን አደረገ?»

«እማ፣ ቅቤ የለም አልኩሽ።»

«አንቺን በምን አሳደግሁሽ? ቅቤ አውጬ አይደለም?»

«አንቺ በደምሽ ምንም አልነበረም። እኔ አለብኝ። ቅቤው አንጀቱን ቢያቆስለው ከጡቴ ያለው በዚያ ይገባል። ልጄን ልትገድይው ከሆነ አሁኑኑ ንገሪኝ፣ ጓዜን ይዤ ልውጣ።»

«ውይ! እኔ ልገድል? እኔ!» ወይዘሮዋ አለቀሱ፣ ተራገሙ፣ ሁለት ቀን አኮረፉ። በሦስተኛው ቀን ቅቤውን የገዛ ጠጉራቸው ላይ ቀቡት።

ሴት ልጅ ተወለደች፤ ጤና ጣቢያ፣ በባለሙያ እጅ። ሽሮፑን ወዲያው ጀመረች። ያኔ ወይዘሮ አሰገደችን ማየት ነበር! ትናንት ቅቤ ካላዋጥኩ ያሉት ሴትዮ ዛሬ ደጃፉ ላይ ዘነዘናቸውን ተደግፈው ተቀመጡና፣ ቅል ይዛ የመጣችውን ጎረቤት ሁሉ «ቅቤሽን ይዘሽ ተመለሺ! እዚህ ቤት የሚቀመስ ጡት ብቻ ነው!» እያሉ ይመልሱ ጀመር። «ምነው አሰገደች፣ ሃይማኖት ቀየርሽ?» ቢሏቸው «አንቺ ምን አገባሽ፣ የተጠራሽው ለእልልታ ነው፣ እልል በይና ሂጂ!» ይላሉ።

ሕፃኗ ለመጀመሪያ ምርመራ የምትሄድበት ቀን ደረሰ። ለሴት ልጅ ክርስትና ሰማንያ ቀን ነው፤ እስከዚያ አራስ ደጅ አትወጣም። ትንቢት ሰማንያው ሳይጋመስ ሕፃኗን ታቅፋ በቀን፣ በዋናው መንገድ ወጣች። ሴቱ ሁሉ ከአጥሩ ሥር «አራሷ ወጣች! ዓይን ሊበላት ነው!» አለ።

«ይብላኝ!» አለች ትንቢት ሳትቆም። «እናንተ ዓይን ካላችሁ ልጆቻችሁን እዩበት።»

የመጀመሪያው ምርመራ ነፃ አለ። ደስታ ለመደሰት ግን ገና ነው፤ ጡት እስክትጥል ድረስ ነገሩ አያልቅም። ክርስትና ተነሣች፤ ወለተ ሰንበት ተባለች። ሙላት ለክርስትናው ሽማግሌ ይዞ መጣ። ሽማግሌ ለዚህ አገር ወንድ ሳሙና ነው፤ የሠራውን ሁሉ ያጥብልኛል ይላል። ሽማግሌዎቹ ስለ ይቅርታ ብዙ ጠቀሱ፣ ግእዝም ጨመሩበት።

ትንቢት ሰምታ ጨረሰች። «ይቅር አላልኩም። ልጄ አባት እንዳይጎድልባት ብዬ እመለሳለሁ። በየጠዋቱ ዓይኔ እያየ መድኃኒቱን ይውጣል። አንድ ቀን ቢያቋርጥ እሄዳለሁ። እኔ ደግሞ መድኃኒቴን የምወስደው እዚያው ማርቆስ ነው፤ እንደ ሌባ አማኑኤል አልሄድም።»

«እሺ በላት» አሉት ሽማግሌዎቹ።

«እሺ» አለ። አሁንማ ድምፁ ወጣ።

እንዲህ ሆነው ኖሩ፤ ኑሮ ከተባለ። ትንቢት ታወራዋለች፣ «ዋጥ»፣ «ውኃ ጠጣበት»፣ «አሳየኝ»። ባጃጇ መጮኋን አልተወችም። ሙላት በየጠዋቱ በሚስቱ ፊት ይውጣል፤ መድኃኒቱን ሊያስሞላ ግን አሁንም ጭንብሉን አድርጎ አማኑኤል ይሄዳል።

ወለተ ሰንበት ቆመች፣ ሄደች፣ ጡት ጣለች። ከዚያ ወዲያ ጥቂት ሰንብታ የመጨረሻው ምርመራ ቀን መጣ። ትንቢት ሌሊቱን አልተኛችም፤ ሲነጋ ልጇን አዘለችና ሙላትን «ትመጣለህ» አለችው። ጥያቄ አልነበረም። መጣ፤ ግን ከማርቆስ ጤና ጣቢያ ግቢ በር አላለፈም። ባጃጇን አቁሞ፣ ጭንብሉን አድርጎ፣ ባርኔጣውን አጥልቆ ውስጧ ተኮራመተ።

ግቢው ሞልቷል። መድኃኒት የሚወስዱት መስኮቱ ፊት ተሰልፈዋል፤ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ትንቢት ገባች፤ ወለተ ሰንበት ከጣቷ ደም ሰጠች፣ አለቀሰች፤ ጠበቁ። ኋላ ነርሷ በሩን ከፍታ ራሷ ወጣችና ትንቢትን በትከሻዋ ያዘቻት።

«ነፃ ናት። ጨርሰሻል።»

ትንቢት ግድግዳውን ተደግፋ ቁጢጥ አለች። በዚያ ገበያ፣ በዚያ ዘነዘና፣ በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት ያላለቀሰችው ሴት፣ ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ እንባዋን ለቀቀችው። ተነሣችና ወደ በሩ ሄደች።

ሙላት ከባጃጇ ወረደ። «ምን አሉ?»

«ነፃ ናት።»

ጭንብሉ ወረደ፤ አፉ ተከፈተ። «እግዚአብሔር… ትንቢት፣ እኔ እኮ… ይህን ለአገር ሁሉ…»

«ዝም በል። ያዛት፣ መድኃኒቴን ልቀበል ነው።» ልጅቷን ደረቱ ላይ አስቀመጠችለትና ወደ ግቢው ተመለሰች። ወለተ ሰንበት እናቷ ስትርቅ ባየች ጊዜ እሪታዋን አቀለጠችው፤ ድምፁስ የአባቷ ነው። ሰው ሁሉ ዞረ። ባጃጇ ውስጥ ይዟት እንዳይደበቅ ትንፈራገጣለች፤ መሬት እንዳያስቀምጣት መኪና ይተላለፋል። እናቷን እያመለከተች ስትጮህ ይዟት ገባ፤ ትንቢት ቆማበት ወዳለው ሰልፍ፣ ከኋላዋ።

«ሙላት አይደል እንዴ?» አለች ከሰልፉ አንዷ።

«እሱ ነው!» አለች ሌላዋ። «ለቅስቀሳ ነው?»

የሙላትን ባርኔጣ ወለተ ሰንበት ነጥቃ ጥላዋለች፣ ሁለት እጁ ልጅ ይዟል። ትንቢት ዞራ አላየችውም። ተራዋ ደርሶ መስኮቱ ላይ ካርዷን ሰጠች። መድኃኒት ሰጪዋ ከትከሻዋ በላይ ተመልክታ «አባትየውስ? የሱ መድኃኒት እዚህ ነው?» አለች።

«አማኑኤል ነበር» አለች ትንቢት። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ነው። አይደል?»

ሰልፉ ጆሮውን አቆመ። ሙላት ወደ ኋላ አየ፤ ወደ በሩ አየ። ልጅቷ አንገቱን አንቃ ይዛዋለች።

«አዎ» አለ፤ ከኋላው የቆሙት ሁሉ ሰሙት።

ጀግና እንዳትሉት። ልጅቷን የሚያስቀምጥበት ቦታ አጥቶ ነው።